ውርስ የሚለው ፋይል

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ሰበታ

ነገ ጠዋት የደንበኛዬ የኦቦ ጉርሜሳ ክርክር ይሰማል። ሟች ወንድማቸው በስጦታ የሰጧቸውን መሬት የወንድምየው ልጅ አልለቅም ብሏል።

የሰበር ውሳኔዎችን የማስቀምጠው በርእስ ነው፤ ስጦታ በአንድ ፋይል፣ ውርስ በሌላ። የኦቦ ጉርሜሳ ጉዳይ የቆመው ስጦታ ፋይል ውስጥ ባለ አንድ ውሳኔ ላይ ብቻ ነው፤ ስጦታው ባይመዘገብም ይጸናል የሚል። ዛሬ ለሌላ ደንበኛ ብዬ ውርስ የሚለውን ሳገላብጥ፣ አንድ አዲስ ውሳኔ የዚያኑ የስጦታ ውሳኔ ቁጥር ጠቅሶ አየሁ። ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ የጠቀሰው ሊሽረው ኖሯል! ተከራካሪዎቹ ወራሾች ስለሆኑ፣ እኔው ነኝ ሳላነበው እዚያ የከተትኩት።

ኦቦ ጉርሜሳ ከተፍኪ ደወሉ። «ልጄ፣ እንግዲህ መሬቴ ተመለሰ ማለት ነው?»

«ነገ ፍርድ ቤት እንገናኝ» ብቻ አልኳቸው።

«ገለቶሚ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ምርቃታቸው አንገበገበኝ።

የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ዳዊት አብሮኝ የተማረ ነው። ሰነፍ ነው፣ አያገኘውም እያልኩ ራሴን ሳጽናና በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ሄዋንዬ፣ ያ የጠቀስሽው ውሳኔ በኋላ አልተሻረም አይደል? የእኔ ፋይል ተደበላልቋል፤ አንቺ መቼም የተደራጀሽ ነሽ።»

«አልተሻረም» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። የአዲሱን ውሳኔ ቁጥር ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት።

አሁን ደግሞ «ትጽፊና ታቆሚያለሽ፤ ምን አለ?» ይለኛል።