የመምህርት ወለተኪዳን አፈወርቅ ኅልፈትና ሳይከፈት የቆየው የራቤል ደብዳቤ

ለእርቀ ሰላም የክርስቲያናዊ ሕይወት ማኅበር አባላትና ሠራተኞች፣ በዐውደ ጥናቶቻችን ለተሳተፋችሁ ሁሉ፣ እንዲሁም ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሕዝብ

ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
መሐል ሜዳ

የማኅበራችን መሥራችና የዐውደ ጥናት ክፍል ኃላፊ መምህርት ወለተኪዳን አፈወርቅ ባደረባቸው የልብ ሕመም በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ዘመሮ አቅራቢያ በሚገኘው የትውልድ አጥቢያቸው ተፈጽሟል። ማኅበሩ በኅልፈታቸው እጅግ አዝኗል።

ይህ መግለጫ በቀብራቸው ዕለት መውጣት ሲገባው አሥራ አንድ ቀን ዘግይቷል። የዘገየበትን ምክንያት በቦታው እንገልጻለን። የሚያስመሰግነን ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ መምህርት በሪፖርት ውስጥ ደስ የሚያሰኘው ብቻ ሲጻፍ አጥብቀው ይቆጡ ስለነበር፣ ስለ እሳቸው የሚወጣው ጽሑፍ እሳቸው በሚጠሉት መንገድ እንዲጻፍ አልፈለግንም።

መምህርት ወለተኪዳን በ1950 ዓ.ም. ተወልደው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በዘመሮና በመሐል ሜዳ ትምህርት ቤቶች አማርኛ አስተምረዋል። ይህን መግለጫ ካረቀቅነው መካከል አብዛኞቻችን ተማሪዎቻቸው ነበርን። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ለእኛ ግን አልወጡም፤ የጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤዎች እስከ ዘንድሮ ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርሙ ኖረዋል።

በ2006 ዓ.ም. የማኅበሩን የመጀመሪያ ዐውደ ጥናት በዘመሮ ከፈቱ። ርእሱ «ደቀ መዝሙርነት በቤትና በገበያ» የሚል ሲሆን የተሳተፉት አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ከእነሱም መካከል በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ሳያውቁ ተገናኙ፤ ታላቅየውም ተነሥቶ ሊወጣ ሲል መምህርት አንድ አግዳሚ ወንበር ወደ በሩ አስጠግተው «እዚህ ይቀመጡ። ለመውጣትም ለመግባትም ቅርብ ነው» አሉት። ወንድማማቾቹ በሦስተኛው ቀን ታረቁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተጣላና ያልታረቀ ተሳታፊ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ መቀመጡ የማኅበሩ ደንብ ሆነ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ አብሮ ይበላል፤ እስኪታረቅ ድረስ ግን አያስተምርም። በተሳታፊዎች መመዝገቢያ ወረቀታችን ላይ «በር አጠገብ» የሚል ዓምድ ያለውም ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ዐውደ ጥናቱ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። የግብዣ ደብዳቤው «እምነትን ስለ ማደስ» ይል ስለነበር የአካባቢው አባቶች ሌላ ትምህርት የመጣ መስሏቸው ተጠራጠሩ። መምህርት አልተከራከሩም። ደብዳቤውን ሰብስበው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞሩ ቡራኬ ጠየቁ፤ ቃሉንም «ወደ እምነት ስለ መመለስ» በሚል ለወጡት። ዋናው ጽሕፈት ቤት በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዐውደ ጥናቱን «ያልተከናወነ» ብሎ መዘገበ። በወሩ ሲከናወን የተገኘው ሰው ከአዳራሹ ተርፎ ሜዳ ላይ ተቀመጠ፤ ሪፖርቱን ግን ማንም አላስተካከለውም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሰው በሰፈርና በወገን ሲከፋፈል፣ የአንድ አጥቢያ ምእመናን እንኳ ሰላምታ ሲነፋፈጉ፣ ወሬ መቀበልን የሚመለከት የአንድ ቀን ትምህርት አዘጋጁ። ትምህርቱ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ከሚለው ብሂል ይነሣና በቦታው ስለ ሌለ ሰው የተነገረ ነገር ሰውየው ሳይጠየቅ እንዳይታመን ያስጠነቅቃል። በመንዝና በግሼ ብዙ ቦታ ተሰጥቷል።

ይህንኑ ትምህርት መምህርት ራሳቸው አንድ ጊዜ ሳይጠብቁት ቀርተዋል። እንዲጻፍ የጠየቁትም እሳቸው ናቸው።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. በመሪጌታ ገብረየሱስ ይታየው የሚመራው የራቤል ቅርንጫፋችን ዐውደ ጥናት አካሄደ። «ራቤሎች የአንድ ወገን ሰዎችን ብቻ ሰብስበው መከሩ» የሚል ወሬ መሐል ሜዳ ደረሰ። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክም ተቋርጦ ነበር። ጊዜውም የሚያስፈራ ነበር። ሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቦ ቅርንጫፉን አገደ፤ የእገዳውን ደብዳቤ መምህርት ፈረሙበት። ከታገደው ቅርንጫፍ የሚመጣ ማናቸውም ደብዳቤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እንዳይከፈትና እንዳይመዘገብ የሚለው አንቀጽም በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ነበረ።

ከሦስት ወር በኋላ የተሳታፊዎቹ ዝርዝር መጣ። ራቤል ላይ የተገኙት በሁለት ጎራ ተከፍለው የነበሩ የአንድ ቀበሌ ወጣቶች ነበሩ፤ ሦስት ቀን አብረው ተቀምጠው፣ አብረው በልተው ተለያይተዋል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ሊሠራው ሲመኝ የኖረውን ሥራ ራቤል ሠርቶት ሳለ እኛ አገድነው።

መምህርት እገዳው እንዲነሣ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቁ። ሥራ አስፈጻሚው ሦስቱንም ጊዜ «ሁኔታው እስኪረጋጋ» በማለት አሳደረው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ የተናገሩት በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እኔም ቸኩዬ አፈሰስኩ፤ እንግዲህ ልልቀም።» በማግስቱ መሐል ሜዳ ላይ ዐውደ ጥናት ሲከፈት ማስተማሩን ለሌላ ሰጥተው በር አጠገብ ተቀመጡ። እንዲነሡ ለመንናቸው፣ ሽማግሌም ላክን፤ አልሆነም። የእሳቸው ጸብ ከመሪጌታ ገብረየሱስ ጋር ስለሆነ «ተነሡ» ሊሏቸው የሚችሉት መሪጌታ ብቻ መሆናቸውን ነገሩን። ከዚያ በኋላ በተካሄዱት ስድስት ዐውደ ጥናቶች ሁሉ ስማቸው የሚገኘው «በር አጠገብ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው።

ሁለት ጊዜ ወደ ራቤል ተነሥተው መንገድ በመዘጋቱ ተመልሰዋል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሕመማቸው ሲበረታ የይቅርታ ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው በሰው ላኩ። ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ለሕክምና ሲመላለሱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጎራ ብለው ከራቤል የመጣ ነገር እንዳለ ጠየቁ። መዝገቡን አይተን «የለም» አልናቸው። በር ላይ ጥቂት ቆመው «እንግዲያው መሪጌታ ይቅር ለማለት ገና አልቆረጠላቸውም ማለት ነው» ብለው ሄዱ። ወደዚህ ጽሕፈት ቤት የመጡት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነበር።

ኅዳር 27 ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን አቶ ምስክር ለዚህ መግለጫ የአገልግሎት ማስረጃ ሲያሰባስቡ ከታገደው ቅርንጫፍ የመጡ ደብዳቤዎች የተቀመጡበትን ካርቶን አወረዱ። በውስጡ የራቤል ማኅተም ያረፈበት፣ ለመምህርት በስማቸው የተጻፈ ፖስታ ተገኘ። አንድ የበግ ነጋዴ ለገበያ ሲመጣ መስከረም 19 ቀን አምጥቶት ኖሯል። አቶ ምስክር የሠሩት የታዘዙትን ነው፤ ጥፋቱ የሥራ አስፈጻሚው ነው። እርቅን ለማስተማር የተቋቋመ ማኅበር የእርቅን ደብዳቤ በእገዳ ካርቶን ውስጥ ከሁለት ወር በላይ አስቀምጧል። መምህርት ጥቅምት 6 ቀን ሲጠይቁን ካርቶኑ ከቆሙበት በሦስት እርምጃ ርቀት መደርደሪያ ላይ ነበር።

የጀመርነውን ረቂቅ አቆምን። ኅዳር 30 ቀን ሥራ አስፈጻሚው በሙሉ ወደ ራቤል ሄደ። መሪጌታ ገብረየሱስን ያገኘናቸው አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ነው። የመምህርትን ኅልፈት ሰምተው ስለነበር መጀመሪያ የጠየቁን «ደብዳቤዬን አነበቡት?» ብለው ነበር። አለማንበባቸውን ስንነግራቸው መንሹን አስቀምጠው ገለባው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ገብሱን ትቼ መምጣት ነበረብኝ» አሉ። የዘገዩት እሳቸው እንዳልሆኑ ይህ መግለጫ በግልጽ ይመሰክራል።

ታኅሣሥ 2 ቀን የራቤል ቅርንጫፍ እገዳ ተነሥቷል፤ ደብዳቤ እንዳይከፈት የሚለው አንቀጽም ተሽሯል። በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ዘጠኝ ደብዳቤዎች ተከፍተው ከይቅርታ ጋር መልስ እየተጻፈላቸው ነው። ይህን መግለጫ ከመሐል ሜዳና ከራቤል የመጣን ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠን ጽፈነዋል፤ የዘገየውም ለዚህ ነው።

የሚቀጥለው ዐውደ ጥናት ከጥምቀት በኋላ በራቤል ይካሄዳል፤ የሚያስተምሩትም መሪጌታ ገብረየሱስ ናቸው። መምህርት ሲቀመጡበት የነበረው አግዳሚ ከመሐል ሜዳ በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ የሥራ አስፈጻሚው አባላት ሰባታችንም በር አጠገብ እንቀመጥበታለን። ጠብቦ ቢያስቸግረን በተራ እንቀመጣለን እንጂ ሌላ ወንበር አይጨመርም። ራቤሎች ተነሡ እስኪሉን ድረስ የማናችንም ስም በሌላ ዓምድ አይጻፍም።

ለልጃቸው ለወይዘሮ እፀገነት፣ ለወንድማቸው ለአቶ አትናቴዎስ አፈወርቅና ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ከሁሉ በላይ ቤተሰባቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን። እናንተ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ሆናችሁ የራቤልን መልስ ስትጠባበቁ መልሱ እኛ ዘንድ ነበር። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ጎን ያሳርፍልን።

ፖስታውን የከፈቱት ወይዘሮ እፀገነት ናቸው። በእሳቸውና በመሪጌታ ፈቃድ የደብዳቤው ሙሉ ቃል ከዚህ በታች ቀርቧል።

«እትዬ ወለተኪዳን፣ እንደምን ሰነበቱልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በር አጠገብ መቀመጥዎን ሰምቼ ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ሲባባ ከረመ፤ ነገር ግን ቂም ይዞኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬም በደል ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ከልቤ ይቅር ብዬዎታለሁ። ለልጆቹም በጉባኤ ነግሬያለሁ። ገብሱ እንደገባ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ብርድ እንዳይመታዎ፣ ከበሩ ይነሡ።»

የአርባ ቀን መታሰቢያቸው ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ይውላል። ከጸሎቱ በኋላ መሪጌታ ገብረየሱስ ይህን ደብዳቤ ከመቃብራቸው አጠገብ ቆመው ያነቡላቸዋል። ለመታሰቢያው የምትመጡ ሁሉ የተጣላችሁት ሰው ካለ ይዛችሁት ኑ።

የእርቀ ሰላም የክርስቲያናዊ ሕይወት ማኅበር
የመሐል ሜዳ ዋና ጽሕፈት ቤትና የራቤል ቅርንጫፍ
(ሁለቱም ማኅተሞች አርፈውበታል)