አረንጓዴው ወንበር

ዴልያ፣

ስትነሺ የለሁም። የኮሌጁ ሚኒባስ በጠዋት ነው የሚነሳው። ልቀሰቅስሽ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ።

ድመቷ በልታለች፤ እንዳልበላች ሆና ብትጮህብሽ አትስሚያት። ፍሪጅ ውስጥ የባቄላ ሾርባ አለ። እባክሽ ብዪ።

ማታ "የእናቴ ቤት የፀደይ ዕረፍት ማሳለፊያሽ ሆነ አይደል?" ያልሽኝ ሲከነክነኝ አደረ። ኬንታኪ ጎርፍ የገባባቸውን ቤቶች በበጎ ፈቃድ ልናጸዳ እንደምንሄድ ባውቅም፣ የእናንተ ቤት እንደሚደርሰን የሰማሁት ትናንት ነው። አላመንሽኝም። ይሁን።

"ሂጂ፣ ሁሉንም አውጥተሽ ጣዪው" ያልሽውን ግን አልችልም። ጎርፍ የገባበት ቤት ሲጸዳ የቤቱ ባለቤት ደጅ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እኛ ጭቃ የጠጣውን ዕቃ እያወጣን እናሳያታለን፤ እሷ "ይቀመጥ" ወይም "ይጣል" ትላለች። ሳትናገር ማንኪያ እንኳ አይጣልም። እናትሽ ከተቀበረች ወዲህ የዚያ ቤት ባለቤት አንቺ ነሽ። የቱ ድስት የእሷ እንደሆነ፣ የቱን ጎርፉ ከጎረቤት እንዳመጣው እኔ በምን አውቃለሁ?

ቡድኑን ለምኜ ቤታችሁን ለመጨረሻው ቀን፣ ለዓርብ አቆይተውልኛል። የመኪናዬ ቁልፍ ምስማሩ ላይ ነው። ነዳጅ ሞልቻለሁ።

በረንዳ ላይ የነበረውን አረንጓዴ ታጣፊ ወንበር ይዤዋለሁ፤ እንዳትፈልጊው። እዚህ የገባን ቀን እናትሽ "ልጠይቃችሁ ስመጣ የምቀመጥበት" ብላ ትታው የሄደችው ነው።

ዓርብ ደጇ ላይ እዘረጋዋለሁ። ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።

ብሪን