መዳብ የገባበት ሰደሪያ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለሥርጉት። ከነልጆችሽ እንደምን ከረማችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከነቁጣዬ አለሁ።

ደረቴ ውስጥ የተቀበረችውን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የጎረቤቴ የእንደሻው የሬዲዮ አንቴና እየረበሻት ነው ብዬሽ ነበር። አንሣልኝ ስለው፣ «እትዬ ብርነሽ፣ በስተርጅና ፊደል ቆጥረው ኢንጂነር ሆኑብን!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም መኪና ግርግር ሰፈር ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሄጄ፣ በሁለት ጨርቅ መሃል የመዳብ ወንፊት የገባበት ሰደሪያ አሰፋሁ። በብብቱ ክፍተት ሞገዱ እንዳይገባ አስደረብኩት።

ከዚያ በእድራችን ስብሰባ ላይ የተከፈተ ሬዲዮ ጠቀለልኩበት። ሬዲዮው ዝም አለ። «እንደሻው ይህን አስለብሶኛል» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱበት። ሰው ሁሉ እያየው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን በገዛ እጁ ሲነቅል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አንቴናው ከወረደ ሳምንት ሆኖታል። ትናንት አቦከር ሰፈር ደርሼ ስመለስ ልቤ እንደ በፊቱ እየደከመብኝ ሦስት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ፤ ሰደሪያውንም አላወለቅሁም ነበር። ይህን ለእንደሻው ትንፍሽ እንዳትዪ። በየቀኑ ይቅርታ ሊለምነኝ ይመጣል፤ እኔም ከደጅ እመልሰዋለሁ።

ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ግን አታቆዪው፤ በዚሁ ወር ነዪ።

እህትሽ ብርነሽ፣ ከሐረር