ለፊልምህ የተዋስከው ካፖርት

ሐምሌ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዘርኡ፤

«አባባ ሳቁ ወይ?» ብለህ፣ ፊልምህን እዚህ ሠርተህ በተመለስክባት ሞስኮ ሆነህ ሳትጠይቅ አትቀርም። ለቀበሌው ኪነት ቡድን ቀልድ ስትጽፍ ጀምሮ ጥያቄህ ይኸው ነበር። የሰዓት መጠገኛ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ያዳምጡሃል፤ ከሳቁ ወረቀቱ ይተርፋል፣ ካልሳቁ ይቀደዳል።

አልሳቁም።

ፊልምህ ፒያሳ የታየ ዕለት ከሁላችን ቀድመው ለብሰው ጠበቁን። ቀበሌ በወረሰው የአፍንጮ በሩ ቤታችን የሚኖሩትን ወይዘሮ የሺዓለምን እንኳ ከነልጆቻቸው ጋብዘዋል። «ካፖርቴ ፊልም ሠርቶ እኔ ብቀር ምን ይለኛል» እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲያስቁን ሄዱ። ለዋናው ተዋናይ ነው ብለህ የወሰድከው ያ ግራጫ ካፖርት።

አየነው። የተወረሰበት ቤት ጣሪያ ላይ ተደብቆ የሚወጣ ስግብግብ አከራይ ለብሶታል። ቆርቆሮውን እንደ ወላድ ላም ይደባብሰዋል። ተከራይቱ መሰላሉን ስታነሳበት ዝናብ ውስጥ ቀርቶ «ቤቴ፣ ቤቴ» ይላል። ሲኒማው በሳቅ ተናጋ።

አባባ ጠጋ ብለው፣ ሲከፋቸው ብቻ በሚጠሩኝ በትግርኛው «ጓለይ»፣ ልጄ፣ አሉኝ። «ጣሪያውን ማን ነገረው?»

ወደ ሸራው ዞርኩ።

ዘርኡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማልደው ሬንጅና መዶሻ ይዘው ጣሪያው ላይ የሚወጡት ለቤቱ ሳስተው አልነበረም። ወይዘሮ የሺዓለም ይጠገንልኝ ብለው ካመለከቱ ሦስት ክረምት አልፏል። «ቤቱ የመንግሥት ነው፤ የሚፈስባቸው ግን ልጆቹ ናቸው» ነበር የሚሉት። ሰው እንዳያያቸው የሚጠነቀቁትም «የተወረሰ ቤቱን ይመኛል» የሚል ስም እንዳይወጣላቸው ብለው ነው። ይህን ሁሉ እዚያው ሞስኮ ተማሪ ሳለህ ጽፌልሃለሁ፤ ለማንም አትንገር ብዬ። ፊልምህ ውስጥ ልጆቹ የሉም። «ሳንሱሮቹ የአከራይ ደግ አያሳልፉልኝም» ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ሌላ ካፖርት ጠፋ?

አሁን የሰፈሩ ልጆች «ባለጣሪያው» ይሏቸዋል። የአራዳን ተረበኛ ሁሉ በአንድ ቃል አፉን የሚያስይዙት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ የሺዓለም ሰዓት መጠገኛ ሱቃቸው ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ የልጆቹ አልጋ ራሰ» ቢሏቸው፣ «ለቀበሌ ያመልክቱ» ብለው ወደ ሰዓታቸው ዞሩ። ቅዳሜ እኔ ወጣሁ። ሬንጁ ቀሚሴ ላይ ቀረ እንጂ ቀዳዳውን አላገኘሁትም።

እኔ ከስድስት ኪሎ ተመርቄያለሁ። «ስትጨርሺ ነይ፣ አብረን ኮሜዲ እንሠራለን» ያልከኝን አልረሳሁም። አንተ በሠራህበት ፊልም ክፍል እንዲመድቡኝ የጻፍኩት ማመልከቻ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ላስገባው እየሮጥኩ እወጣለሁ፤ ሥላሴ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። ግን አልቀደድኩትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። «እንደ ወላድ ላም» የሚለው የእኔ ነው። አባባ ቆርቆሮ ደባብሰው አያውቁም፤ ናፍቆት በርትቶብህ ስለነበር እንድትስቅ ብዬ ነው ደብዳቤው ላይ የጨመርኩት። ሲኒማው ሲስቅ፣ ካፖርቱን እያየሁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

እመቤታችን በሰው አገር ትጠብቅህ። ብርዱን ተጠንቀቅ። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ ዋሽቼ ልጽፍልህ ብዬ ተውኩት።

ለሳቸው ራስህ ጻፍላቸው። ማን እንደነገረህም ጻፍ። እኔ በየቀኑ ምሳቸውን ይዤ እሄዳለሁ፤ በየቀኑም ሳልናገር እመለሳለሁ።

እህትህ
ምብራት ገብረትንሣኤ