አባባ በስምህ የማሉት

ይድረስ ለወንድሜ ለየህያ ሀሰኖ
ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድሜ ሆይ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ? ክራንቹን ጥለህ መራመድ ጀመርክ ወይስ አሁንም በእሱ ነህ? ሙቀቱ፣ ሥራው፣ ሰዉ እንዴት ይዞሃል? ምግብ የሚያበስልልህ አሁንም አክመል ከሆነ አላህ ሆድህን ይጠብቀው፤ ያ ልጅ እዚህ እያለ ሻይ እንኳ ያሳርር ነበር። እማዬ ዱዓ ስታደርግ አንተን ሳትጠራ አታበቃም። እኛ በአላህ ፈቃድ ሁላችንም አለን። የእማዬ ደም ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል፣ እህታችን ራያ ትምህርቷን እንደገና ጀምራለች፣ ሱቁም ተከፍቶ ይውላል። አባባ ግን ደህና ናቸው ብዬ አልጽፍልህም። «ደህና» የምትባለው ቃል ምን እንዳመጣችብን ስትሰማ ትፈርድልኛለህ፣ ወይም ትፈርድብኛለህ።

ሰሞኑን በደወልክ ቁጥር አባባ መስጊድ ናቸው፣ አረፍ ብለዋል እያልኩ መልሼሃለሁ። አላረፉም ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው፣ አላናግረውም ለማለት እጃቸውን ያወዛውዙልኝ ነበር። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ቤታችንን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ጓዳ ያስነጠሰ ሰው ሳሎን ሆነው «ይርሐሙከላህ» ይሉታል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። መካ ለዑምራ የሚሄዱት ጎረቤታችን ያደርሱልሃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከተውኔት ነው። አትሳቅ። መምህር ውብአየሁን ታስታውሰዋለህ፣ ያንን ሲያስተምር ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ የሚረሳውን። ኅዳር ላይ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አንድ የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ሊያሳይ ተነሣ። ታሪኩ ስለ አንድ ንጉሥና ስለ ወንድሙ ነው። ንጉሡ አማካሪ አለው፤ ፈገግ እያለ ይጠጋና ወንድምህ ዙፋንህን ይመኛል እያለ ጆሮውን ይሞላዋል። ንጉሡም አምኖ ወንድሙን ከአገር ያስወጣዋል። ደግሞ ሁለቱንም ያሳደገች ሞግዚት አለች። ወንድምየው በስደት ታሞ እንደተኛ እያወቀች፣ ንጉሡ እንዳያዝን ብላ «ደህና ነው» ትለዋለች። ንጉሡ ደህና ከሆነማ ብሎ ሳይጠራው ይቆያል። ሲጠራው የመጣው ሬሳው ነው።

አማካሪውን የሚጫወት ተማሪ ጠፋ። ልጆቹ ክፉ ሰው ሁኑ ሲባሉ ይጮኻሉ፣ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ። ውብአየሁ ደግሞ አታላይ ሰው ግንባሩን አይቋጥርም፣ ቢቋጥር ማን ያምነዋል እያለ ራሱን ይይዛል። አባባ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ይጫወቱ እንደነበር ከየት እንደሰማ እንጃ፣ አንድ ቀን ሱቅ ድረስ መጥቶ ለመናቸው። አባባም እንደምታውቃቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ። ወዲያው ግን መስታወት ፊት ቆመው ጺማቸውን ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው፣ ያኔ ነገሩ እንዳለቀ አወቅሁ።

በጽሑፉ ውስጥ አማካሪው በፈጣሪ ስም በሐሰት የሚምልበት ቦታ አለ። አባባ እዚያ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። በአላህ ስም በሐሰት? ለጨዋታም ቢሆን አፌ አይለውም አሉ። ውብአየሁ እንግዲያው ይዝለሉት አላቸው። አይሆንም፣ ያለ መሐላው ንጉሡ አያምንም፣ ንጉሡ ካላመነ ደግሞ ጨዋታው ፈረሰ አሉ። ከዚያ መላውን ራሳቸው አመጡት፤ በበኩር ልጄ ልማል አሉ። ውብአየሁ አማካሪው እኮ ልጅ የለውም ቢላቸው «እኔ አለኝ» አሉት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሻይ ይዤላቸው ሄጄ ነበርና አብሬ ሳቅሁ። የአላህን ስም እናድን ብለን የአንተን ስም መድረክ ላይ አወጣነው።

ተውኔቱ በታየ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። አባባ እንዴት እንደተጫወቱ ብታይ! ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ፊታቸው ያዘነ፣ እኔ ልጃቸው እንኳ ላምናቸው ምንም አልቀረኝም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ይህ ሐሰት ከሆነ በበኩር ልጄ በየህያ ላይ ይድረስ አሉ። እማዬ «አዑዙ ቢላህ» ብላ ተነሥታ ወጣች። እኔ ግን የተናደድኩት በሞግዚቷ ነበር። ምነው ብትነግሪው፣ አፍሽን ምን ያዘው ብዬ ከወንበሬ ጮኽሁ፣ ራያ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው አንተ ከሆስፒታል የደወልክልኝ። ከተውኔቱ በፊት ባለው ሳምንት ከሕንፃው መወጣጫ ላይ ወድቀህ እንደነበር፣ እግርህ ተሰብሮ ብረት እንደገባበት፣ ስልክ እስክታገኝ እንደቆየህ ነገርከኝ። ለአባባ እንዳትነግሪ አልከኝ። ስለ መሐላው ምንም አታውቅም ነበር፣ እኔም አልነገርኩህም። ለእማዬ ብቻ ሹክ አልኳት። እሷ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ይህን ከሰሙ አባትሽ አይተርፉም አለችኝ። ተማክረን ዝም አልን። አባባ ሲጠይቁኝ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። አንተም ስትደውል ደህና ነኝ አባባ ትላለህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኛው ግን እያደር ከበደ።

ወዲያው አገሩ ታመሰ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ይወስዳል ብለው ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ንጉሡን የተጫወተው ልጅ ታፍሶ ተወሰደና ከብዙ ጊዜ በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ነገር ዓለሙን ትቶ ተመለሰ። አሁን ሰላም ስትለው መሬት መሬት ያያል። ከቡራዩም ከሱሉልታም የሚመጣው ወሬ ሁሉ የለቅሶ ነበር። ሱቁን ግማሽ በር ከፍተን፣ ኮቴ በሰማን ቁጥር እየዘጋን ከረምን።

ዱባለ የተነሣው በዚያ ግርግር መሃል ነው። ያ ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርበው ዱባለ። ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የኦቦ ጎበናን የግጦሽ መሬት ለድንጋይ ማራገፊያ ብሎ ለጊዜው ለምኖ ተቀብሎ ነበር። ቃሉን የተለዋወጡት እኛ ሱቅ በር ላይ ነው፣ ከአባባ ሌላ የሰማ ሰው የለም። አገሩ ሲታመስ ዱባለ ቦታውን በቆርቆሮ አጠረና ጎበና ሸጦልኛል አለ። ኦቦ ጎበና ደግሞ ከዚያ ሌላ ከብት የሚያሰማሩበት መሬት የላቸውም። አንተም እኔም ያደግነው በእሳቸው ላሞች ወተት እንደሆነ መቼም አትረሳውም።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ሰው ትንሽ ሲተነፍስ፣ የአገር ሽማግሌዎች ለኦቦ ጎበና ጉዳይ ተቀመጡ። አባባን በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ምስክርነታቸውን ሊሰጡ ሲነሡ ዱባለ እጅ ነሥቶ ፈቃድ ጠየቀ። ይህን ሰው ስታየው ክፉ አይመስልም። ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ የሽማግሌ ጉልበት ይስማል፣ የሰው ልጆች ስም አይረሳም። ጋሽ ሀሰኖን እንደ አባቴ ነው የማከብራቸው አለ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በልጃቸው ስም በሐሰት ሲምሉ ያላየ የለም። ጨዋታ ነው እንዳትሉኝ፣ በጨዋታው ያለው ሰው ልጅ የለውም፣ የተማለበት የህያ ግን የእሳቸው የራሳቸው ልጅ ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትናንት በልጁ በሐሰት የማለ ዛሬ በምኑ ይታመናል? ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ያዘነ ነበር።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ጥቂት አሰቡና፣ የሐሰት መሐላ የተማለበትን ሳይዝ አይቀርም፣ ሀሰኖ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በልጅህ ላይ የደረሰ ነገር አለ ብለው ጠየቁ። አባባ ቀና ብለው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ደህና ነው፣ ትናንት በጆሮዬ ድምፁን ሰምቻለሁ አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። የህያ፣ ብናገር የኦቦ ጎበና መሬት ሄደ፣ ዝም ብል አባቴ እውነት መስሏቸው የእኔን ውሸት በሽማግሌ ፊት እየተናገሩ ነው። ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹም እንግዲያው የመድረኩ መሐላ ነፋስ ነበር አሉ፣ ምስክርነታቸውን ተቀበሉ፣ ዱባለ አጥሩን እንዲያነሣ ፈረዱ።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። አባባ ዳቦ አስጋግረው፣ ለልጄ ጤና ሰደቃ ነው እያሉ በራችን ላይ ማደል ያዙ። የመጀመሪያውን ቆርሰው ለእኔ ሰጡኝ፣ ብይ፣ የወንድምሽ ነው አሉኝ። እዚያው በሩ ላይ፣ ዳቦውን እንደያዝኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር፣ ምነው በተቆጡ! የቀረውን ዳቦ አድለው ጨረሱ፣ ከዘራቸውን አነሡና ወደ ጎበና ውሰጂኝ አሉኝ። እማዬ በሩን ይዛ ለመነቻቸው። የሰው መሬት በምላስዎ ላይ ነው ያለው፣ ዝም ቢሉ ማን ይጎዳል አለች። እሷን አልፈዋት ወጡ።

ኦቦ ጎበና ሁሉን ሰሙ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ መሬታቸው አይደለም፣ ልጁ ይራመዳል ወይ ብለው ስለ አንተ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ሂድና ንገራቸው፣ እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተጠሩ። አባባ ቆመው፣ ልጄ ደህና አልነበረም፣ እኔ አላወቅሁም፣ አሁን ግን አውቄያለሁ አሉ። ዱባለ መሐላው ያዘው እያለ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደ እሱ ዞረው፣ ይህ ሰው ማንም ሳይጠራው ራሱን የሚጎዳ እውነት ይዞ መጣ፣ እስቲ አንተም ራስህን የሚጎዳ አንድ እውነት ንገረን አሉት። ዱባለ ፈገግ አለ። ጠበቁት። ወዲያ ወዲህ አየ፣ ሳቅም አለ፣ የሚለው ግን አልነበረውም። ፍርዱ እንደነበረ ጸና። ዛሬ የኦቦ ጎበና ከብቶች እዚያው ይግጣሉ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! አባባ እቤት ሲገቡ፣ መሬቱ ለጎበና ተመለሰ፣ የልጄን እግር ማን ይመልስልኛል አሉ። አባባ፣ እሱ እኮ የወደቀው ከተውኔቱ በፊት ነው፣ የእርስዎ መሐላ አልነካውም አልኳቸው። መቼ ነገረሽ አሉ። ከተውኔቱ በኋላ አልኩ። ራቢአ፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ ስንት ጊዜ «ደህና ነው» አልሽኝ፣ ይህንንም ለማጽናናት ብትይው በምን ለይቼ አውቃለሁ አሉኝ። እማዬ ወላሂ ብላ ማለችላቸው። እሷንም አላመኗትም። አንተን በስልክ ላገናኛቸው ስል፣ እሱም ደህና ነኝ ብሎኛል አሉ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቀመስ አድርገው ይተዋሉ፣ ሱቅ ተቀምጠው ደንበኛ ሲያናግራቸው አይሰሙም። በገዛ ምላሴ ልጄን ሰበርኩት ብለው ነው የሚያስቡት። እኔ እውነቱ በአፌ ውስጥ አለ፣ የሚቀበለኝ ግን አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ያቃጥላል ወንድሜ።

ስለዚህ አክመልን ላክልን። ስትወድቅ አጠገብህ የነበረው እሱ ነው፣ ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰህም እሱ። በዚህ ነገር አባባን ያላታለላቸው ሰው እሱ ብቻ ቀረ። ለረመዳን ወደ አገር እንደሚመጣ ሰምቻለሁ፣ ከቻለ ቀደም ይበል፣ ወደ እናቱ ቤት ሳይገባ ወደ እኛ ይምጣ። ምን እንደሚናገር ግን አታስጠናው፣ እለምንሃለሁ። ያየውን ይንገራቸው። አንተም ከእንግዲህ ብታም አመመኝ በል፣ ቢከፋህም ከፋኝ በል፣ ከዚህ ቤት ሰው አንድም ነገር አትደብቅ።

ለአክመል፣ አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፣ በዱዓዋ አለህ። ራያ ናፍቀኸኛል ብላለች፣ ፎቶህንም ላክ ብላለች፣ ሙሉ ቁመትህን። ኦቦ ጎበና ሰላም በይልኝ፣ ሲመጣ ወተቱ አለ ብለዋል። መምህር ውብአየሁም ሰላም ብሎሃል፣ እኛ ቤት በመጣ ቁጥር አባባን ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል። አባባ ሰላምታ አላላኩም። ደብዳቤውን ስጽፍ ግን ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፣ የትኛው እግሩ ነው አሉኝ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ግራው ነው። ጠይቂልኝ አሉኝ እንጂ እኔን አልጠየቁኝም።

እህትህ ራቢአ ሀሰኖ
ሰበታ፣ የካቲት ወር 2008 ዓ.ም.