ስልሳው ካሴት የቆረጣት መጨረሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ያቺን ዶሮ ዛሬ ዱባይ ተራ አየኋት። የሄድኩት ለዚፕ ነበር። ሱቄ ውስጥ ጥቁር ዚፕ አልቆ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጋር ስጨቃጨቅ ከምውል ብዬ ወጣሁ። ነስሩ የሚባል ሰው ቴፕና ዲቪዲ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ደጃፉ ላይ ካርቶን ሙሉ ሲዲ አስቀምጧል። ከላይ ያለው ሽፋን ላይ የብረት ጓንት ያጠለቀ እጅ አለ፤ እጁ ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች። እርግብ ናት። ወንድሜ መስፍን ግን ዶሮ አድርጎ ነው የሳላት።

መስፍን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ያስቀዳት ካሴት ሽፋን አልነበራትም። በሰማያዊ ቢክ ራሱ ሳለላት። እጁ አማረለት፤ እርግቧ ግን ከኋላዋ ከበደችና ዶሮ ሆና ቀረች። እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ለእኔ ሄቪ ሜታል ማለት ምናለሽ ተራ የሚቀጠቀጥ ቆርቆሮ ነበር። «የዶሮዋን ካሴት ዝጋልን» እያልኩ አበሽቀው ነበር። በኋላ ግን ሳላስበው ዘፈኖቹን ከነተራቸው ሸመደድኳቸው። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ የት ልሂድ?

ሲዲው ላይ «ሪማስተርድ» የሚል ተጽፎበታል። ነስሩን ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ የድሮውን ቅጂ አውጥተው አጥበው ተኩሰውታል ማለት ነው አለኝ። ያለው አንድ ብቻ ነው። ከዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ስለሆነ ሌላ አይመጣም። ይህን እየነገረኝ ልብሴን አየ። ከል ነው የለበስኩት፣ ከላይ እስከ ታች። አፈርኩ። መስፍን ከሞተ ሰማንያ ቀን የሚሞላው ገና እሑድ ነው። እኔ ዱባይ ተራ ቆሜ ዘፈን እመርጣለሁ።

ሲዲውን አስቀምጬ ተመለስኩ። ዚፑንም ረሳሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ቴፓችን ተሸፍኗል። መስፍን ነው የገዛው፤ ሲዲም ያጫውታል። በቀብሩ ማግስት እማዬ የራሷን ነጠላ አውጥታ አለበሰችውና እስከ ሙት ዓመቱ አይከፈትም አለች። እኔም ደግ አደረገች ብያለሁ። ድንኳኑ ተተክሎ ሳለ በደጃፋችን የሚያልፈው ታክሲ እንኳ ሙዚቃውን ይቀንስ ነበር። ባዳ እንዲህ ካከበረን እኛ በገዛ ልጃችን ምን ልንሆን ነው?

ግን ያቺ ሲዲ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ምክንያቱን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልናገረውም።

አልበሙ ሁለት ሸክላ ነበር። ካሴቷ ደግሞ የስልሳ ደቂቃ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ዘፈን መሃሏ ላይ ቀጭ ብላ ትቆማለች። ካሴቷ ስታልቅ መስፍን ከተኛበት ይነሳና የቀረውን በአፉ ይቀጥለዋል። መጀመሪያ ጊታሩን፣ ቀጥሎ ከበሮውን በጉልበቱ ላይ። ከዚያ ጩኸቱ ሁሉ ይጠፋና ዝግ ያለች እንጉርጉሮ ትመጣለች። ወደ ላይ ትወጣለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ትወርዳለች። ሦስት ጊዜ ይላታል። «እንደዚህ ነው የሚያልቀው» ይለኛል። እንዲህ የሚጮህ ነገር እንደ እሹሩሩ ሊያልቅ አይችልም፣ ከሆድህ አውጥተህ ነው እለዋለሁ። «እማዬ ትሙት ሰምቼዋለሁ» ይላል። ዋሾ አልኩት። በቀልድ ጀመርኩት፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ዋሾው እያልኩ ጠራሁት።

ካሴቷ ከሦስት ዓመት በፊት ተበጣጥሳ አለቀች። እንጉርጉሮዋ ግን እስከ ሐምሌ ነበረች። ኩላሊቱ ሁለቱም እምቢ ብለው ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ብርድ ልብሱን ሳስተካክልለት አንጎራጎራት። በመሃል ትንፋሽ አጠረው። «አሁንስ አታምኚኝም?» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው ያደርኩት። «ተወኝ እስቲ መስፌ፣ ተኛ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አላነሳትም።

ለመግዛት፦ እውነቱን አውቃለሁ። ሌላ ኮፒ የለም። የእሱ ነገር ነው።
ላለመግዛት፦ ሐዘን ላይ ነን። እማዬ ብታይ ምን እላታለሁ? መጨረሻዋ ሌላ ከሆነ ደግሞ ወንድሜ ዋሽቶኛል፤ እንጉርጉሮውም ከጆሮዬ ይጠፋል፣ እውነተኛው ይሸፍነዋል።
እሱ ያላት ሆና ከተገኘችስ? ያኔ የሞተው ሳላምነው ነው። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ለነስሩ የወንድሜ ነው አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። «አላህ ጽናቱን ይስጥሽ» አለና ወንበሩን አቀበለኝ።

ዲቪዲው ላይ ከፈተልኝ። አላወቅኩትም። እውነት ነው የምጽፈው፤ የመጀመሪያዋን ዘፈን አላወቅኳትም። ካሴቷ ላይ እንደ ዝናብ ከሥር የሚሻሻው ነገር የለም። ከበሮው ደረት ይመታል። ዘፋኙም ድምፁ ወፍሯል፣ ቀስም ብሏል፤ እኛ ቤት የሚያውቀው ቀጭንና ችኩል ነበር። ሁለተኛዋ ዘፈን ላይ ግን ጊታሩ ብቻውን ሲገባ እግሬ ሳላዘው መታ። ሰው አየኝ ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ።

የመጨረሻዋን አምጣልኝ አልኩት። ጀመረች። ካሴቷ የምትቆረጥበት ቦታ ስንት ቃል እንደሚቀረው አውቃለሁ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። አራት ቃል ሲቀር መብራት ጠፋ። ተራው በሙሉ ጨለመ። ከየሱቁ «ወይኔ» ተባለ፣ ጄኔሬተር ያለው ማስነሳት ጀመረ። ነስሩ የለውም።

ስልሳ ደቂቃው ካሴት እንኳ ከዚያ ይሻል ነበር።

መብራት እስኪመጣ እንዳልቆይ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት። ነስሩ ከፒያሳ የሚመጣ አንድ ጊታር ተጫዋች ለሲዲው ቀብድ ሳይከፍል እንዲሁ በቃሉ እንዳስያዘው ነገረኝ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣ ያንቺ ነው አለኝ። ቃል ቃል ነው አልኩት። ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ዕቃ የተሸከሙት ልጆች ከል ለብሼ ሲያዩ «ዞር በሉ፣ ሐዘንተኛ ናት» እያሉ አሳለፉኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

እንቅልፍ ሳይወስደኝ ስላደርኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካሴቷን የቀዳው ጋሽ ታደሰ አለ። ያን ጊዜ ከራጉኤል ከፍ ብሎ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይሄዳል፣ የሚፈልገውን ጽፎ ይሰጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይወስዳል። አሁን እዚያው በር ላይ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል።

መነጽሩን አንስቶ አየኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ የመስፍንንም ነገርኩት። አልሰማም ነበር። ተቀመጠ። ቀጠን ያለው፣ ዩኒፎርሙ ክርኑ ላይ የተጣፈው ነው አይደል አለኝ። እሱ ነው አልኩ።

ለምን በስልሳ ቀዳህለት ብዬ ጠየቅኩት። እንደ ወቀሳ ሆኖ ወጣ፤ ሳልፈልግ። የዘጠናው ክር ቀጭን ስለሆነ ቴፕ ውስጥ ይጠላለፋል፣ ደንበኛ ያማርራል፣ ስለዚህ ለሁሉም በስልሳ ነበር የምቀዳው አለ። ማሽኑም ሲቀዳ እየጎተተ ስለነበር ሌላ ቴፕ ላይ ሲከፈት ይቸኩላል። ለካ ዘፋኙ የቀጠነው ለዚያ ነው። እኛ አሥራ አራት ዓመት የጋሽ ታደሰን ማሽን ነው የሰማነው።

ከዚያ ያልጠየቅኩትን ነገረኝ።

«ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይመጣና ደጃፍ ላይ ይቆማል። ጋሼ፣ መጨረሻዋን ብቻ አሰሙኝ ይለኛል። ሰው ከሌለ ሸክላውን አደርግለታለሁ። አንድ ቀን፣ እኅቴ አታምነኝም፣ ይዣት ልምጣ አለኝ። የበዓል ዋዜማ ነበር፣ ሱቁ ሞልቷል። ሌላ ቀን አልኩት። በሳምንቱ የሸክላው ባለቤት ወሰደው።»

ሽፋኑንም ያየው እዚያ ነዋ። ዶሮዋን ከየት አመጣት ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

መጨረሻዋ እንዴት ነበረች አልኩት። ጋሽ ታደሰ አንገቱን ነቀነቀ። ልጄ፣ እኔ ለእንጀራ ነው የምቀዳው፣ ለእኔ ሁሉም ጩኸት ነበር አለኝ።

ቻርጀር ገዛሁት። አያስፈልገኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

አገኘሁት! ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከጥቁር ዚፕ ጥቅል ሥር።

ጊታር ተጫዋቹ ቀድሞኝ ነበር። ፀጉሩን ከኋላ ያሰረ፣ እሱም ጥቁር በጥቁር የለበሰ። የእሱ ግን ሐዘን አይደለም። ሲዲውን ይዞ ከነስሩ ጋር ያወራል። ልመለስ ስል ነስሩ ጠራኝና ነገሬን ለሰውየው ነገረው። እኔ እንኳ ይህን ያህል አልለምንም ነበር።

ሰውየው ሲዲውን በእጁ አገላበጠው። ከዚያ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ አዲሱ ቅጂ ገንዘብ አይወጣበትም አለኝ። ከበሮውን አለቅጥ አጩኸውታል፣ የድሮው ሙቀት የለውም። እኔ የምፈልገው ስብስቤን ለማሟላት ነው። አንቺ መስማት ከፈለግሽ የድሮውን ፈልጊ። የድሮው ተበጣጥሶ አለቀ አልኩት።

«የመጨረሻዋ ዘፈን ብቻ ናት ያላበላሿት» አለ። «እሷ እኮ ስታልቅ...»

አፉን በእጄ ልይዝ ምንም አልቀረኝም። እባክህ አትንገረኝ አልኩት። ገባው መሰለኝ። ሲዲውን በሁለት እጁ አቀበለኝ፣ ጽናቱን ይስጥሽ ብሎኝ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

እማዬ ዛሬ ለነገው ዳቦ ስትጋግር ስለዋለች ቦርሳዬን አላየችም። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ጠየቀችኝ። ደስ አላለኝም አልኳት። አሁን ዋሾዋ እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ራጉኤል አስቀደስን። ቄሱ የመስፍንን የክርስትና ስም ሲጠሩ እማዬ ክንዴን ያዘችው። ዳቦውን ለነዳያን አደልን። የዕድር ሴቶች ቤት ድረስ መጥተው ቀምሰው ሄዱ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

እስከ ሙት ዓመቱ ልደብቃት አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ሲዲዋን አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ካሴቷን፣ ዋሾ ማለቴን፣ ሐኪም ቤት የጠየቀኝን፣ ጋሽ ታደሰን። እማዬ ሽፋኑን ከዓይኗ አራቀችና አየችው።

«ይቺ ዶሮ አይደለችም እንዴ?» አለች።

እርግብ ናት አልኳት። ሳቅ ሊመጣብኝ ነበር፣ ልቅሶ ሆነ።

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ እማዬ ተነሳች። በሩን ዘጋች። መስኮቱንም። ከዚያ ራሷ ነጠላውን ከቴፑ ላይ ገፈፈችና አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ዝቅ አድርጊው፣ ሰው እንዳይሰማ» አለችኝ። «የመጨረሻዋን ብቻ።»

ዝቅ ሲል ከበሮው ያን ያህል አይከፋም። ካሴቷ የምትቆረጥበት ቦታ ደረሰ። አለፈው። ጊታሩ ቀጠለ፣ ልክ እሱ በአፉ እንደሚለው። ከበሮውም፣ በጉልበቱ ላይ እንደሚመታው። ከዚያ ሁሉም ዝም አለና አንድ ጊታር ብቻውን ቀረ። ወደ ላይ ወጣች፣ ትንሽ ቆመች፣ ወረደች።

«ውይ ልጄን» አለች እማዬ። «ሲላጭ የሚላት ናት።»

አልዋሸም። አንድም ቀን አልዋሸኝም። ወንድሜ ያቺን መጨረሻ ደጃፍ ላይ ቆሞ በጆሮው ተሸክሞ፣ ለእኔ ብሎ ነው ቤት ያመጣት።

ሲዲው ሁለት ጊዜ ብሏት ዝም አለ። እኔ ሦስተኛዋን ጠበቅኩ። የለችም። ሦስተኛዋ የመስፍን የራሱ ናት። ከየት እንዳመጣት አሁን የምጠይቀው የለም። እማዬ ግን አልቆጠረችም፤ ዘፈኑ ማለቁንም አላወቀችም። ዓይኗን ጨፍና ነጠላዋን ይዛ በተሰባበረ ድምፅ ሦስተኛዋን አለቻት። ላግዛት ፈልጌ ነበር።

አምኜሃለሁ መስፌ። እዚህ ጻፍኩት፣ ሌላ የምለው ቦታ ስለሌለኝ።

ገንዘብ ይወጣበታል ወይ ብሎ ያ ጊታር ተጫዋች ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም። እማዬ በሩን ከፈተች። ቴፑን ነጠላዋን መልሳ አለበሰችው። ሲዲዋ ውስጡ ናት።