ባሌን «ይግቡ» ያልኩ ቀን

ዓርብ፣ የካቲት 4
ከልምምድ መልስ

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይህን እህቴ ጮክ ብላ ታነብልሻለች። አደራ፣ እየዘለለች እንዳታነብ፤ አመሏን አውቀዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ዛሬ ከደስታዬ ብዛት መሬት አልረግጥ ብያለሁ። የምጽፍልሽም ላመሰግንሽ ነው።

በአዲሱ ቲያትራችን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ልጫወት ነው ብዬሽ አልነበር? ለጥቂት ነው ያልተነጠቅኩት። ሴትየዋ ባሏ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። መጨረሻ ላይ በሩን ያንኳኳል፤ ትከፍትና «ግባ» ትለዋለች። በቃ፣ አንዲት ቃል። ግን ብቻዋን የኖረችው ዘመን ሁሉ በዚያች ቃል መሰማት አለበት። እኔ ስለው ደግሞ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰው በር የከፈትኩ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ የአባዬን ሞት እያሰብኩ አለቀስኩ። ሠራልኝ። ውሎ አድሮ ግን እንባዬ ነጠፈ፤ አባዬንም በየቀኑ መድረክ ላይ እየጎተትኩ ያደከምኩት መሰለኝና አፈርኩ። አዘጋጃችን ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድለት ሰው ነው። «የራስሽን ሐዘን ተይውና የሷን ፍጠሪ! እስከ ዓርብ ካልመጣልሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ። ቅስሜ ስብር አለ።

ያኔ ነው ትዝ ያልሽኝ። ልጅ ሆኜ የስፌት መኪናሽ ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስለቅም፣ ሊጠገን የመጣ ልብስ ከፍ አድርገሽ «እስቲ የዚህ ካፖርት ባለቤት ምን ትፈራለች?» ትዪኝ ነበር።

«ውሻ!»

«ውሻማ ብትፈራ ኪሷ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ምን ይሠራል?»

ዓይተናት የማናውቃትን ሴት ልጆች እንሰጣታለን፣ ከጎረቤት እናጣላታለን፣ መልሰን እናስታርቃታለን። ካፖርቱ ተሰፍቶ ሲሄድ ዘመድ እንደምሸኝ ሁሉ እስከ በሩ እከተለው ነበር።

ስለዚህ የሴትየዋን ሹራብ ከቲያትር ቤቱ ተውሼ ቤቴ አመጣሁና ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። የግራ ክርኑ ብቻ ሳስቷል። ለምን? መስኮቱ ላይ ተደግፋ ስለምትጠብቅ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሳህን ታቀርብ ነበር፤ ኋላ አንዱን አነሳችው። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ የባሏን ድምፅ ላስታውስ ብትል ጠፋባት። ፊቱ አለ፣ ድምፁ የለም። ለማንም አልተናገረችም። እዚህ ስደርስ ሹራቡን አቅፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩላት።

ዛሬ ልምምድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ባሌ ቆሟል። ከአፌ አምልጦ የወጣው «ይግቡ» ነው።

ለገዛ ባሌ! ጉድ ፈላ አልኩ። ባሌን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ክው ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና እንደ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ገባ። የት እንደሚቀመጥ እንኳ ግራ ገባው።

አዘጋጁ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ መድረኩ መጣ። ሊያባርረኝ ነው ስል «ከየት አመጣሻት?» አለኝ።

«አምልጣኝ ነው።»

«እንዳታስተካክያት። ሚናው ያንቺ ነው።»

ከየት እንዳመጣኋት ላንቺ ልንገርሽ። እሑድ ስደውልልሽ «ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅኩትም፤ ማን ልበል?» አልሽኝ። መስመሩ ነው፤ አስቸጋሪ ነው የዚያ አገር መስመር። ብቻ እንዴት ደስ በሚል ጨዋነት ነው ያነጋገርሽኝ! ልጅሽ ነኝ ብልሽም «ስለደወሉ እግዜር ያክብርዎ» ብለሽ ነው የሸኘሽኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

ሌላ ቀንም መስመሩ ካስቸገረሽ፣ እማዬ፣ ምንም አትጨነቂ። እንደ ካፖርቷ ባለቤት አድርጊኝ። «እስቲ ይቺ የምትደውል ሴት ማንን ትወዳለች?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ካላገኘሽው እኔ እነግርሻለሁ፤ በደወልኩ ቁጥር እነግርሻለሁ።

ሰውን ከምንም መፍጠር ያስተማሩኝን እጆችሽን ስሜያለሁ። አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ሳቅሽን አያሳጣኝ።

ልጅሽ፣
ለፍላፊዋ